«ቻለው» ስለሚባለው መድኃኒት

ለሕክምና ተማሪ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሁሉ እጅግ የተለመደው «ቻለው» የሚለው ቃል ነው። የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ሆነን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና የምንማር እኛም ከወላጆቻችንም ከመምህሮቻችንም የምንሰማው ይህንኑ ነው። በወላጆቻችን አንፈርድም፤ ልጃቸው ዶክተር ሲባል ይሰማሉ እንጂ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አያዩምና። መምህራን ግን ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ሌሊቱን በተረኝነት ሲባዝን አድሮ፣ ጧት ሳይተኛ ራውንድ ላይ ይቆማል። አንድ ጥያቄ ቢሳተው በበሽተኛው፣ በአስታማሚውና በነርሶቹ ፊት ይዋረዳል። የት እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ከዚያም ነቅቶ ለማንበብ ሲል ጫት ይቅማል (በወሎ ጫት ሩቅ አይደለም)፤ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ከጓደኞቹም ይርቃል። ልታከም ቢል ደግሞ በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚጠብቀው ሐኪም ከጥቂት ወር በኋላ ፈትኖ ማርክ የሚሰጠው የገዛ መምህሩ ነው። ታዲያ ማን ደፍሮ «አልቻልኩም» ይላል?

በእኛ በኩል ሌላም ሸክም አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ፣ የደሴም ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ዛሬ በጥይት የቆሰለ ሰው በቃሬዛ ሲገባ የምናየው እሱን ብቻ አይደለም። መቻልስ ያን ጊዜ ችለናል።

«የጥንት ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ይማር አልነበረምን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ በደጃችን ነው። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ የለመነውን ከባልንጀራው ጋራ ይካፈላል፤ ቢታመምም ባልንጀራው ለምኖ ያበላዋል። የኔታ አለንጋም ነበራቸው። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ የወረስነው አለንጋውን ብቻ ይመስላል።

ይህን የምንለው ቅንጦት ፈልገን አይደለም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫን ቃል ኪዳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ሲያሻሽል፣ ሐኪሙ ለበሽተኛው ሲል የራሱንም ጤንነት እንዲጠብቅ የሚል ቃል ጨምሮበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም የመድኃኒት መጠን ቢሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ከገጠር በቅሎ ተጭኖ የመጣው ገበሬ ነው። «ተማሪውን ታሰንፉታላችሁ» የሚሉን ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ስለዚህ ተማሪ የሚታከምበት ሐኪም ማርክ ከማይሰጥ ወገን፣ ቢቻል ከሌላ ሆስፒታል ይሁን፤ ምስጢሩም በፋይል ተመዝግቦ ለዲን እንዳይደርስ ይከልከል። ሌሊት ያደረ ጧት ይተኛ። ስሕተትም ከበሽተኛው አልጋ ራቅ ብሎ ይታረም፤ ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ አንድ ነባር ተማሪ መመደብን ግን ከማንም ሳንጠብቅ በማኅበራችን በኩል ራሳችን ልንጀምረው እንችላለን። የማኅበሩ ኮሚቴ የቀረውን ከመጪው ሴሚስተር በፊት ለዲኑ በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን፤ እኛም ስማችንን ለመፈረም ዝግጁ ነን።