ከኮርኒስ በላይ ስላለው ብርድና ስለ መንግሥት ርዳታ

በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የሚኖሩ አንዲት አንባቢያችን ለዚህ ገጽ በላኩልን ደብዳቤ፥ ያረጁ እናታቸውን ከአገር ቤት ወስደው አብረው ከተቀመጡ ወዲህ በብርዱ ወራት የሚመጣው የጋዝ ሒሳብ ከአቅማቸው በላይ እንደ ሆነባቸው፥ ስለዚህም ማሞቂያውን ዝቅ አድርገው እናታቸውን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው በአንዲት ክፍል ብቻ እንደሚያስቀምጧቸው፥ ብርዱ ሲጸና ግን የወጥ ቤቱን የጋዝ ምድጃ ለኩሰው እንደሚያሞቋቸው ገልጠውልናል። የሚጠይቁንም ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት ጠባቂ ልባስ ቢያስጨምሩ ይጠቅማቸው እንደ ሆነ፥ ለዚህም ሥራ መንግሥት የሚሰጠው ርዳታ ይኖር እንደ ሆነ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ መልሳችን አዎን ነው፤ ነገር ግን አስቀድመን ስለ ምድጃው መናገር ይገባናል።

በአገራችን ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች መኖራቸውን የማያውቅ የለም። የጋዝ ምድጃም ለማብሰያ እንጂ ለቤት ማሞቂያ አልተሠራምና፥ ብዙ ሰዓት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መልክም ሽታም የሌለውን መርዘኛ አየር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ እመቤት ሆይ፥ እናትዎን ከብርድ አድናለሁ ሲሉ ለባሰ አደጋ አይስጧቸው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። በዚያ አገር ቤቶች በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ባዶ ስፍራ አለ፤ አቲክ ይሉታል። የሞቀ አየር ወደ ላይ መውጣት ልማዱ ስለ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት ሙቀት በኮርኒሱ ቀዳዳ ሁሉ ሾልኮ ወደዚህ ስፍራ ይገባል፤ በእርሱም ፈንታ የውጭው ብርድ በታች በኩል ወደ ቤት ይሳባል። በአቲኩ ወለል ላይ የሚነጠፈው ልባስ ሥራው እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው የራሱ እሳት ኖሮት አይደለም፤ በድርቡ መካከል የተያዘው አየር ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥና የሰውነታችን ሙቀት እንዳይሸሽ ስለሚከለክል ነው። የሣር ክዳን ቤት እንደ ቆርቆሮ ቤት ሌሊት የማይበርደው፥ ቀንም የማይግለው በዚሁ ምክንያት ነው። የራሰ ጋቢ እንደማያሞቅ ሁሉ፥ የራሰ ወይም የተጨፈለቀ ልባስም አይጠቅምም።

ልባሱ ከብርጭቆ ጭረት እንደ ጥጥ ተነድፎ የተሠራ ወይም ከተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ጋዜጣውም ቶሎ እሳት እንዳይዘው መድኃኒት ይጨመርበታል። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሥራ ማግኘቱ ለእኛ ለጋዜጣ ጸሐፊዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። የልባሱ ኃይል የሚለካው አር በሚባል መለኪያ ሲሆን፥ እንደ ሚኒሶታ ላለ ብርዳም አገር ከአር 49 እስከ አር 60 ይመከራል፤ ይኸውም በጋዜጣው ልባስ ሲቈጠር ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ወደ አቲኩ ብቅ ብሎ ሲያይ ልባሱ ከወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ጋራ እኩል ወይም ከእነርሱ በታች ከሆነ፥ መጨመር እንደሚያስፈልገው ይወቅ።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። ነፋስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሳይደፈን ልባስ መከመር፥ ደረትን ገልጦ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ ያለፈባቸው ቀዳዳዎች፥ የጭስ ማውጫው ዙሪያ፥ ወደ አቲክ የሚያስገባው መዝጊያም በሚገባ ይታሸጋሉ፤ በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚደፈነው እሳት በማይበላው ነገር ነው። የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ማውጫም ወደ አቲኩ የሚተነፍስ እንደ ሆነ ልባሱን አርሶ እንጨቱን ስለሚያበሰብሰው ወደ ውጭ እንዲወጣ ይደረጋል። በጣሪያው ግርጌ ያሉት የአየር መግቢያዎች ግን መደፈን የለባቸውም። ይህ ሁሉ ከተጓደለ የሚመጣው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከቤት ያመለጠው ሙቀት በጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ ያቀልጠዋል፥ የቀለጠውም ውሃ በጣሪያው ጠርዝ ሲደርስ እንደ ገና ይረጋና እንደ ግድብ ይሆናል፥ ከግድቡም በላይ የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ውስጥ ተመልሶ ኮርኒሱን ያበላሻል።

በአሮጌ ቤት አቲክ ውስጥ እንደ ጠጠር ያለ፥ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ወይም ወርቅማ ልባስ ያገኘ ሰው እጁን እንዳያስገባበት እናስጠነቅቃለን። ይህ ቨርሚኩላይት የሚባለው ነው፤ ብዙው የተቈፈረበት በሞንታና አገር በሊቢ የነበረው እስከ 1990 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ከዚህ በታችም እንደዚሁ) የሠራው ማዕድን ስለ ሆነ፥ ሳንባ የሚጐዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው፥ ቀዳዳን ደፍኖ በአቲክና በወለል ሥር ልባስ የጨመረ ቤተ ሰብ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ከሚከፍለው ከመቶው 15 ያህል በአማካይ ይተርፈዋል።

አሁን ስለ መንግሥቱ ርዳታ እንናገር። በ1973 የነዳጅ ዘይት እጦት በዚያ አገር ብዙ ጭንቅ ስላመጣ፥ በ1976 በወጣው ሕግ ዌዘራይዜሽን አሲስታንስ ፕሮግራም የተባለው ተቋቋመ። ገንዘቡ ከኢነርጂ ሚኒስቴር ወደየክፍለ አገሩ መንግሥት ይሰጣል፤ ሥራውንም በየአካባቢው ያሉ ድርጅቶች ይፈጽሙታል። የቤተ ሰቡ ገቢ ለድኽነት ከተወሰነው ልክ ሁለት እጥፍ ያልበለጠ ሊለምን ይችላል፤ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን አበል የሚቀበል ሰው ያለበት ቤትም ገቢው ሳይመረመር የተፈቀደለት ነው። ሽማግሌዎች፥ አካለ ስንኩላንና ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ይቀድማሉ። ገንዘቡ ብድር አይደለምና ተመላሽ የለውም። ወገኖቻችን ርዳታ መለመን ነውር ነው እያሉ ከዚህ እንደሚሸሹ እንሰማለን፤ እኛ ግን ግብራቸውን እየከፈሉ በሚኖሩበት አገር በሕግ የተመደበላቸውን ትቶ ሽማግሌ እናትን ማስበረድ የበለጠ ነውር ሆኖ ይታየናል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ግን ከልባሱ ይልቅ ከምርመራው ነው። መርማሪው በበሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ነፋስ በየት እንደሚገባ ያገኘዋል፤ ማሞቂያውንና ምድጃውንም መርዘኛ አየር ያወጡ እንደ ሆነ ይመረምራል። ቤት በሚገባ ሲታሸግ የማሞቂያው ጢስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፥ ከሥራው በኋላም እንደ ገና ይፈተሻል። ጣሪያው የሚያፈስ ወይም ሽቦው አደገኛ የሆነ ቤት እስኪጠገን ድረስ ሥራው ሊዘገይበት ይችላል።

ተከራይ የሆነም ሰው ከባለቤቱ ፈቃድ ጋራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ባለቤቱም ለተወሰነ ጊዜ ስለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ ኪራይ እንዳይጨምር ደንቡ ይከለክለዋል። ገቢው ከልኩ ለሚያልፍ ሰው ደግሞ ከልባሱ መግዣ ከመቶው 30፥ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር ድረስ ከግብር የሚቀነስበት ሕግ ነበረ፤ ነገር ግን በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለተፈጸመ ሥራ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬም ይህን ተስፋ እየሰጠ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ቢመጣ አይመኑት። ሳያስቡ ፈርመው ከሆነም፥ በቤት ውስጥ ከ25 ዶላር በላይ የተደረገ ሽያጭ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈርስ የአገሩ ደንብ ይፈቅዳል።

አንባቢያችን በስልክ ቁጥር 211 ደውለው በአካባቢያቸው ይህን ሥራ የሚሠራውን ድርጅት ይጠይቁ። የገቢ ማስረጃ፥ የአንድ ዓመት የጋዝና የመብራት ሒሳብ፥ የቤቱንም ባለቤትነት የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጅተው ይያዙ። ተራው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ብርዱ እስኪመጣ አይጠብቁ። ተራቸው እስኪደርስ የጋዝ ሒሳብ ለመክፈል የሚረዳውን ላይሂፕ የሚባለውን ሌላ ርዳታ በዚያው ይጠይቁ፤ እናታቸው በሚተኙበት ክፍል አጠገብም ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስታውቀውን ደወል ዛሬውኑ ያስሰቅሉ።