ስለ ኑዛዜና ስለ አለንጋ

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ «ሌባው ተይዞ ጥቂት ዱላ ሲቀምስ ተናዘዘ» ሲባል ሰምታችኋል። ተናጋሪው አይሰቀቅም፤ ሰሚውም ይስቃል። እኔ ግን በዚህ አነጋገር እቆጣለሁ፤ የምቆጣበትንም ምክንያት እነግራችኋለሁ።

ቃሉ የግእዝ ነው። ናዘዘ ማለት አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ሲሆን፥ ናዛዚ የሚባለውም ያዘነውን የሚያጽናና ነው። ስለዚህ ወደ ነፍስ አባቱ ቀርቦ ኀጢአቱን የሚናገር ሰው ተናዘዘ ሲባል፥ ምስጢሩን ተነጠቀ ማለት አይደለም፤ ሸክሙን አውርዶ ተጽናና ማለት ነው እንጂ። ካህኑም የሰማውን ለማንም እንዳያወራ የታሰረ ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነፍስ አባት የሚባል ሥርዓት አልነበረም፤ ቢሆንም በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ምእመናን እርስ በርሳቸው እንዲናዘዙ የተመከሩት ይፈወሱ ዘንድ መሆኑን ተምረናል። በመጽናናትና በመፈወስ መካከል አለንጋ ከየት ገባ?

ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት የመምህሩ ብዕር ጠፋ ተብሎ አንድ ልጅ «ተናዘዝ» እየተባለ ተገረፈ። ልጁም ሰረቅሁ አለ። የት እንደ ሸጠው ሲጠየቅ ሱቁን፥ ዋጋውንም ጨምሮ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን ብዕሩ በስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ያ ልጅ ምን ተናዘዘ? የተናገረው አለንጋው የፈለገውን ነው። ከዚያ ወዲያ «ተናዘዝ» የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ጀርባውን እንደሚያሳክከው አልጠራጠርም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ በቀይ ሽብር ጊዜ፥ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ፊት ቆሞ ራሱን እንዲያጋልጥ ይታዘዝ ነበር። «ማጋለጥ» አስከፊ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ የካህን ቀሚስ አልለበሰም።

«ቃል ከዘመን ጋር ይለወጣል፤ ኑዛዜ ለውርስም ሆኗል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፥ ሆኗል። ዳሩ ግን ወደ ውርስ ሲሻገር ፈቃድን ይዞ ነው የተሻገረው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በኀይል ተገዶ የተደረገ ኑዛዜ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ገበሬው በሞት አልጋው ላይ ላሙን ለማን እንደሚተው ሲናገር ማንም ዱላ ይዞ ሊቆምበት አይገባም ማለት ነው።

በወንጀል ነገር ደግሞ ሕጉ ሌላ ስም አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፥ ተገድዶ የሰጠውም ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። «የእምነት ቃል» ነው ያለው፤ ኑዛዜ አላለም። ጋዜጣ የምትጽፉ፥ ነገም መርማሪ የምትሆኑ ልጆች ይኸንኑ ስም ያዙ። በዱላ የወጣውን ግን «ተደብድቦ ተናገረ» ብላችሁ ጻፉት፤ አንባቢው ማን እንደ ደበደበው ይጠይቅ ዘንድ።