እህቴን ከተማ ላምጣት ወይስ እዚያው ትማር?

የዛሬውን ደብዳቤ የጻፈልን የ23 ዓመት ወጣት ነው። ነዋሪነቱ ሰቆጣ ከተማ ነው፤ ሥራውን ሲገልጽ «ያገኘሁትን እሠራለሁ» ይላል። ስሙን ትተን ደብዳቤውን አሳጥረን አቅርበነዋል።

«በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አሁን ግን ለቤት ኪራይና ለእንጀራ አላጣም። የ9 ዓመት እህት አለችኝ፤ ከእናታችን ጋር ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ገጠር ናት፤ 2ኛ ክፍል ደርሳለች። ትምህርት ቤቷ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው ድንጋይ። ግን ለቤታችን ቅርብ ነው፣ የሚያስተምሩትም በኽምጠኛ ነው። እዚህ እኔ ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግንብ ነው፣ ስምም አለው። ሆኖም በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ናቸው ይባላል፤ ትምህርቱም በአማርኛ ነው። እናቴ ‹ልጄን አትንካብኝ› ትላለች። እኔ ደግሞ የእኔ ዕጣ እንዳይደርሳት ፈራሁ። ከመጣችም ቤት እየጠረገች፣ ወጥ እየሠራች ታግዘኛለች። የትኛው ይሻላታል?»

ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜህ ስለ እህትህ ትምህርት መጨነቅህ ያስመሰግንሃል። ምስጋናውን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ግንብ አያስተምርም። እኔ የተማርኩት ከተማ ውስጥ፣ ስም ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እንቀመጥ ነበር። 4ኛ ክፍል እስክደርስ ማንበብ አልችልም ነበር፣ ማንም አላወቀብኝም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ መሠረት በእኛ ጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል መውደቅ የሚባል ነገር ስላልነበረ ካርዴ ላይ «ተዛውራለች» ይላል፣ እኔም እዛወራለሁ። አንድ ቀን መምህርታችን አንብቢ ስትለኝ ከጓደኛዬ የሰማሁትን በቃሌ አንበለበልኩት። መጽሐፉን ገልብጣ ሰጠችኝ። እንደተገለበጠ ይዤ ቀጠልኩ! ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እያስቀረች ፊደል አስቆጠረችኝ። ዛሬ ይህን የምጽፍልህ በእሷ ነው እንጂ በግንቡ አይደለም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሰምተህ ይሆናል። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የተበላሸ አይምሰልህ። ሥሩ ያለው እህትህ ዛሬ ያለችበት ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች በእግርህ ሄደህ እያቸው። በተለይ በገበያ ቀን ሂድ፤ ተማሪም መምህርም የሚጠፋው ያኔ ነው። እነዚህን ተመልከት፦

1ኛ. ማንበብ። ከ3ኛ ክፍል አንድ ሁለት ልጆች ጠርተህ ገና ያልተማሩትን ገጽ አስነብባቸው። በቃል የተሸመደደው ያን ጊዜ ይለያል።

2ኛ. መምህሩ። በታችኞቹ ክፍሎች ብዙ ጊዜ አንድ መምህር ነው ሁሉንም ትምህርት የሚሰጠው። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» ከማለት «የ2ኛ ክፍል መምህር ማን ነው፣ ይገባል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

3ኛ. ብዛት። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። 70 ከሆኑ እህትህ የት ትቀመጣለች? መጽሐፍስ ለስንት ይደርሳል?

4ኛ. ደረጃ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን እየታዩ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። መስፈርቱን አሟልቷል የሚባለው ደረጃ 3 የደረሰው ነው። ርዕሰ መምህሩን ወይም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

5ኛ. ምግብ፣ ውሃና ሽንት ቤት። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው በአንተ ከተማ ስም ነው። የተራበ ልጅ ፊደል እንደማይታየው ለአንተ አልነግርህም። ሽንት ቤቱንም አደራ፤ ሴት ልጅ ከፍ ስትል ከትምህርት ከሚያስቀሯት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የቋንቋውን ነገር ደግሞ እንደ ጉድለት ቆጠርከው መሰለኝ። ተሳስተሃል። ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ማንበብ ከያዘ ወደ ሌላው መሻገር አይከብደውም፤ አንዴ ማንበብ የገባው አእምሮ ችሎታውን ይዞ ነው የሚሻገረው። ኽምጠኛዋ ሳይጸና 70 ልጅ መሐል በአማርኛ ብትጥላት ግን መምህሩ የሚለውን ሳትሰማ ዝም ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። ዝምተኛ ልጅን ደግሞ ማንም አያስተውላትም። ከእኔ የበለጠ ምስክር የለህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ «ወጥ እየሠራች ታግዘኛለች» ያልከው ላይ ዓይኔ ቆመ። እውነቱን እንነጋገር። እህትህን የምታመጣት ለትምህርት ነው ለወጥ? ለትምህርት ነው የመጡ ስንት ልጆች ውሃ ሲቀዱ፣ ልጅ ሲያዝሉ፣ ደብተራቸውን ማታ በድካም ሲከፍቱ አይተናል! በክፉ ልብ ነው አልልህም። ግን የ9 ዓመት ልጅ ሞግዚት አትሆንህም፤ አንተ ነህ ሞግዚት የምትሆናት። አንተ ሥራ ስትውል ከትምህርት ስትመለስ ማን ይቀበላታል? ይህን ሳትመልስ የትኛውም ትምህርት ቤት ለእሷ ጥሩ አይደለም። እናትህም «አትንካብኝ» ያሉት ይህን ፈርተው ሊሆን ይችላልና ተቆጥተው ነው ብለህ አትለፋቸው።

የእኔ ምክር ይኸውልህ። የገጠሩ መምህር የሚገባ፣ ልጆቹም የሚያነቡ ከሆነ እስከ 4ኛ ክፍል እዚያው ትቆይ። ለኪራይ ልትጨምር ያሰብከውን ብር ለደብተር፣ ለጫማና ለማታ መብራት አድርገው። በሄድክ ቁጥር አጠገብህ አስቀምጠህ አስነብባት። 5ኛ ክፍል ስትደርስ ከእናትህ ጋር ተማክረህ አምጣት። መምህሩ የማይገኝ ከሆነ ግን 4ኛ ክፍልን አትጠብቅ፤ መጀመሪያ ተቀባይ ሰው አግኝ፣ ወጥህን ራስህ ሥራ፣ ከዚያ አምጣት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «የእኔ ዕጣ» አልክ። 23 ዓመት ዕጣ የሚዘጋበት ዕድሜ አይደለም። ለእህትህ ትምህርት ቤት ስታይ የማታ ትምህርት የሚሰጥም ካለ ጠይቅ። እሷ 3ኛ፣ አንተ 9ኛ ክፍል ሆናችሁ በአንድ ኩራዝ ስታጠኑ ለማየት ያብቃን።

ቸር እንሰንብት።