ግንቡን ያጸናው ማን ነው?
መንገድ የሚዘጋ ሰው «ጎረቤቴን ንቄ ነው» ሲል ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰበቡ ሁሌም ጸጥታና ደኅንነት ነው። የብረት በር አቁሞ ዘበኛ የሚቀጥረው የእኛም ሰፈር ኮሚቴ የሚለው ያንኑ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በእንግሊዟ ኦክስፎርድ፣ ከትስሎው በተባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 አንድ የቤት አልሚ ድርጅት የራሱን ቤቶች ከማዘጋጃ ቤቱ የኪራይ ቤቶች ለመለየት ሁለት መንገዶችን በግንብ ዘጋ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፍ ነበር፤ አናቱ ላይ ሹል ብረት ተተክሎበት ነበር። (ለጸጥታ ሹል ብረት ምን ይሠራል?) በኪራይ ቤቶቹ በኩል ያለችው እናት አውቶቡስና ሱቅ ወዳለበት ዋና መንገድ ለመውጣት፣ ልጇንም ዘንቢሏንም ይዛ ዙሪያውን መዞር ነበረባት። በ1935 ነዋሪዎች ግንቡን ሊያፈርሱ ግልብጥ ብለው ወጡ፤ ፖሊስ መለሳቸው። በ1938 ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በመንገድ መዳመጫ ናደው፤ ድርጅቱ ግን ፍርድ ቤት ረታና መልሶ ገነባው። እኔን የሚያበሳጨኝ እዚህ ላይ ነው። ግንቡን ነጋዴ ቢያቆመውም ያጸናው ሕግ ነው፤ ሕጉም የመሬቱን ባለቤት ሰማ እንጂ በየቀኑ በእግሩ የሚዞረውን ሰው ከቁብ አልቆጠረውም። ግንቡ ለመጨረሻ ጊዜ የፈረሰው በ1959 ነው፤ ያውም ማጠሩ ስሕተት ነበር ተብሎ ሳይሆን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግንቡ ያረፈበትን ቁራሽ መሬት ከፍሎ ስለ ወሰደው ነው።