ተመልሶ የመጣ ኢሜይልም መረጃ ነው

በጥናቶቻችን «መጠይቁ ተመለሰ» ስንል ተሞልቶ ደረሰን ማለታችን ነው፤ «ኢሜይሉ ተመለሰ» ሲባል ግን መልእክቱ ከተጠያቂው ሳይደርስ ቀርቷል። በእኔ እምነት ይህ ሁለተኛው ተመላሽም ተቆጥሮ በጥናቱ ዘዴ ክፍል ሊገለጽ ይገባል።

ተመላሾች ሁሉ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ፣ አርኤፍሲ 5321፣ በ4 የሚጀምረውን ኮድ ለጊዜያዊ፣ በ5 የሚጀምረውን ለዘላቂ እክል መድቦታል። እክሉ ጊዜያዊ ሲሆን ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ ደንቡም በጥቅሉ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መሞከርን ይመክራል። ስለሆነም አድራሻን በመጀመሪያው ቀን መሰረዝ ችኮላ ነው። የ550 ኮድ አድራሻው እንደሌለ ወይም ተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን እንዳልፈቀደ ሊያመለክት ስለሚችል አብሮት የሚመጣው ማብራሪያ ይነበብ።

ለምሳሌ ለ200 ተመራቂዎች ከተላከ መጠይቅ 40ው ሳይደርስ ቢመለስና 80 ሰዎች ቢሞሉት፣ የምላሽ መጠኑ ከ200 ሲሰላ 40 በመቶ፣ ከደረሳቸው 160 ሲሰላ 50 በመቶ ይሆናል። 50ውን ብቻ መጻፍ ያጓጓል። ይሁን እንጂ 40ዎቹ መሥሪያ ቤት በመልቀቃቸው አድራሻቸው የተዘጋ ከሆኑ፣ ስለ ተመራቂዎች የሥራ ሁኔታ የሚጠይቀው ጥናት ያጣው በተለይ ሊሰማቸው የሚገባውን ሰዎች ነው። ስለዚህ ሁለቱም ስሌቶች ከተመላሾቹ ብዛትና ምክንያት ጋር ይቅረቡ።