ሃምሳ ኪሎ

ልጄን ከሁለት ዓመት በኋላ ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ሳገኛት ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የአንገቷ አጥንት ላይ ነው። «አትበዪም እንዴ?» አልኳት። «እበላለሁ እማዬ» አለች። ይህቺን መልስ የማያውቃት ወላጅ የለም። ደግነቱ የሻንጣዬ ግማሽ በሶና ሽሮ ነበር።

ቅዳሜ «ነይ፣ መኪናችንን ላሳይሽ» ብላ ወደ ሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ወሰደችኝ። ለ1893ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ በጦርነት ከጀርመን የተማረከ ሰርጓጅ መርከብ ሳይቀር ውስጡ ተቀምጧል። ልጄና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ የሠሯት መኪና ግን ከሕፃን አልጋ ብዙም አትበልጥም። ሦስት ጎማ አላት፤ ሾፌሩ በጀርባው ተንጋሎ ነው የሚነዳት። ነፋስ እንዳይይዛት የውሃ ጠብታ አስመስለዋታል። አንድ ትንሽ ልጅ «ሬዲዮ አላት?» ብሎ ጠየቀ። የላትም።

ልጄ ለተሰበሰበው ሰው ታስረዳለች። ሞተሩ ይነሣል፣ መኪናዋን ያፈጥናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፍጥነቷ እስኪቀንስ በራሷ ትንሸራተታለች፤ ከዚያ እንደገና ይነሣል። ሳቄ መጣ። ይህማ ፎሌ ነው! አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ቮልሳችንን ከእንጦጦ በፎሌ ነበር የሚያወርዳት። እኔ «ፍሬኑ ቢከዳህስ!» እያልኩ ስጮህ፣ እሱ «ቁልቁለት በነፃ ነው» ይለኝ ነበር። (ዛሬም ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ተዉ። የልጆቹ መኪና የምትሮጠው በተከለለ ሜዳ ነው።)

የውድድሩ ታሪክ እዚያው ኢሊኖይ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1939 ዉድ ሪቨር በምትባል ከተማ የሼል ኩባንያ ተመራማሪዎች በአንድ ጋሎን ማን ሩቅ እንደሚሄድ ተወራረዱ፤ አሸናፊው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። በ2005 ደግሞ የዙሪክ ተማሪዎች የሠሯት በሃይድሮጂን የምትሄድ መኪና፣ ፍጆታዋ ወደ ቤንዚን ሲመነዘር፣ በሊትር 5,385 ኪሎ ሜትር አስመዘገበች። ጎንደር ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄዶ ገና ይተርፋል።

ይህን እያሰላሁ ሳለ አንድ አዛውንት «ሾፌሩ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ከሁላችን ቀላሏ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ይበላል።»

እጄ ቀዘቀዘ። በስልክ «ራት በልቻለሁ» ያለችኝ ማታ ሁሉ ተራ በተራ ትዝ አለኝ። ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት። «ለዚህች ቆርቆሮ ብለሽ ነው የምትራቢው?»

«ቆርቆሮ አይደለም፣ ካርቦን ፋይበር ነው።»

«መልሺልኝ!»

«እማዬ፣ ደንብ አለው። ሾፌር ከነልብሱ ከ50 ኪሎ ማነስ የለበትም። ካነሰ የጎደለውን ያህል ክብደት መኪናዋ ላይ ይጫናል። ብከሳ የማተርፈው ነገር የለም።»

«አንቺ ስንት ነሽ?»

ዝም አለች። ቆይታ «46» አለች።

«ታዲያ ለምን ከሳሽ?»

ወደ መኪናዋ ዞራ የማይታይ አቧራ በእጇ ጠረገች። «አባዬ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም። እሠራለሁ፣ እቀርባለሁ፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል።»

ለቀብሩ አልደረሰችም። ፈተና ላይ ስለነበረች እንዳትመጣ የከለከልኳት እኔ ነኝ። አስቤላት ነበር። ለቅሶውን እኛ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር ተላቅሰን ስናወጣው፣ እሷ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ይዛው እንደተቀመጠች ልብ አላልኩም።

በዚያው ማታ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ አስገዝቼ ያን ሁሉ መኪና ሠሪ ጠራሁ። ስድስት ሆነው መጡ። ሹካ የጠየቀ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ልጄ ስለ አባቷ ፎሌ ነገረቻቸውና ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንጀራ ጨመረች። እስክመለስ ድረስ በየቅዳሜው እየመጡ በሉ። ስሄድም ሽሮውን እነሱ ተረከቡኝ።

ውድድሩ የደረሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ ደውዬ ስንተኛ እንደወጡ አልጠየቅኋትም። «ስንት ኪሎ ጫኑብሽ?» አልኳት።

«አንድ» አለችኝ።