ከሐር ክር ባሻገር

ሐር ሲነሣ በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚታየው የሚያንጸባርቀው ጥለትና የክብር ካባ ነው። ክሩ ከተጠቀለለ በኋላ በእርባታው ቤት የሚቀረውን ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው የሚመለከቱት። የአንድ የሐር እርባታ ዕድል የሚወሰነው በክሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ተረፈ ምርት እየተባለ በሚጣለው ነገር አያያዝም ጭምር ነው እንላለን።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ሐር ለማግኘት ከ6 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እርጥብ የድር ጎጆ ያስፈልጋል። ከዚህም ክብደት አብዛኛው በጎጆው ውስጥ የተኛው ትል ገላ እንጂ ድር አይደለም። ትሉ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቅጠል ይበላል፤ ከበላውም ብዙውን በኩስ መልክ ይመልሰዋል። እንግዲህ ክሩን ብቻ የሚቆጥር አርቢ ከድካሙ አብዛኛውን በገዛ እጁ ደጅ ይጥላል ማለት ነው።

በደቡብ ቻይና በፐርል ወንዝ ደለል ምድር የኖሩ ገበሬዎች ይህን ከተረዱ ዘመናት ተቆጥረዋል። ኩሬ ቆፍረው ዓሣ አረቡ፤ ከኩሬው በወጣው አፈር ግድብ ሠርተው ሞልቤሪ የተባለውን ዛፍ ተከሉበት። ቅጠሉ ለትሉ፣ የትሉ ኩስና ገላ ለዓሣው፣ የኩሬው ጭቃ ደግሞ ተመልሶ ለዛፉ ማዳበሪያ ሆነ። በህንድ አሳም ግዛትም ኤሪ የሚባለው የሐር ትል ለድሩ ብቻ ሳይሆን ለምግብነቱ ጭምር ይረባል። በኮሪያ የተቀቀለው የሐር ትል በመንገድ ዳር ይሸጣል።

በእኛ አገር ይህ ለሰው ማዕድ እንዲቀርብ የሚሻ የለም፤ እኛም አንጠይቅም። ነገር ግን የደረቀው ገላ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ ለዶሮና ለዓሣ መኖ ይሆናል። ቅባት ስለሚበዛበት ፈጥኖ እንዳይሸት ወዲያው መድረቅ አለበት። ቅባቱም ተጨምቆ ለሳሙና ይውላል። የተበሳው ጎጆና የተበጣጠሰው ድር ተባዝቶ ይፈተላል። ድሩን ያጣበቀው ሴሪሲን የተባለው ሙጫም ለቆዳ መዋቢያ ቅባት መሥሪያ ይፈለጋል።

ጉሎ በየጓሮው በሚበቅልባት ኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኤሪ የጉሎን ቅጠል የሚመገብ ትል ነው፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም በሐር ልማት ላይ ሠርቷል። የኤሪ ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ድሩ እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ እንደ ሌላው ሐር አይተረተርም። በእንዝርት ለኖረ እጅ ይህ እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ከትሉ የተረፈው የሞልቤሪ ቅጠል ለፍየል ቢሰጥ መልካም ነው፤ የጉሎ ቅጠል ግን ለከብት መርዝ ስለሆነ ወደ ጉድጓድ እንጂ ወደ በረት መሄድ የለበትም። ኩሱም ከእርባታው ቤት ርቆ ይብላላ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ የመረመረው የትል በሽታ ከታመመ ትል በሚወጣ ኩስ በተበከለ ቅጠል እንደሚዛመት ታውቋል።

ስንቁን የሚያባክን ጦር ከዘመቻው እኩሌታ እንደሚራብ ወታደር ሁሉ ያውቃል። የእርባታ ሥራም ከዚህ አይለይም። የክር ዋጋ በወደቀበት ዓመት ቤተ ሰቡን የሚደግፈው የዶሮው መኖና የጓሮው ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ሐር ለማርባት የሚነሣ ማኅበርም ሆነ ግለሰብ፣ የመጀመሪያውን እንቁላል ከመግዛቱ በፊት ኩሱ የት እንደሚብላላ፣ ገላው የት እንደሚደርቅ፣ የተበጣጠሰውን ድር ማን እንደሚፈትለው አስቀድሞ ይወስን። ይህን ሳይወስኑ መጀመር ግማሹን ትርፍ ሳያገኙት ማጣት ነው።